ገደል ግርጌ የሚጠፋው ውሃ

የትርሲት እንጀራ ጆሮዋ ነበር። ሌላው ሰው ገና ሻዩን ፉት ሲል እሷ ረጅሙን የብረት ዘንግ ይዛ ከውሃ ቢሮው ግቢ ትወጣለች፤ የዘንጉን አንድ ጫፍ በቫልቭ ራስ ላይ ታሳርፍና ሌላውን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከመሬት በታች የሚያፈስ ውሃ አያመልጣትም። መርፌ የምታህል ሽንቁር እንደ ክራር ጅማት ትጮሃለች፣ የላላ መጋጠሚያ እንደ ድስት ይንተከተካል፣ የዛገ ቧንቧ ደግሞ ደረቱን እንደታመመ ሽማግሌ ሲር ሲር ይላል። ድምፁ በጎላበት ቦታ በኖራ ምልክት ታደርጋለች፣ ተቆፍሮ ይጠገናል፣ እሷም ወደሚቀጥለው መንገድ ታልፋለች። ሥራዋን ትወደዋለች። እናቶች ጀሪካን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁለት ውሃ በከንቱ ሲፈስ ማየት ያንገበግባታል።

በክረምቱ ማብቂያ ገደል ግርጌ ወደሚባለው ሰፈር ተላከች። ከተማዋ ወሎ ደጋ ላይ ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ናት፤ ገደል ግርጌ ደግሞ ከሁሉም በታች፣ የወረደ ጉም መጨረሻ የሚተኛበት፣ ፀሐይ ዘግይታ ደርሳ ቀድማ የምትሄድበት ሰፈር ነው። ወደዚያ የሚለቀቀው ውሃ አብዛኛው መንገድ ላይ ይጠፋል። የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። የላይኛው ከተማ ሰው ጉሮሮው እየደረቀ ገደል ግርጌ ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይውጣል።

ፒክአፑን የሚነዳው፣ ቧንቧውንም የሚጠግነው ይመር ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ እየሳቀ የሚሠራ ሰው ነው። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁን አቆመ። ደጃፍ ላይ ምስር የምትለቅም ሴት ሰላምታውን ሳትመልስ ሰፌዷን አንስታ ገባች። መዝጊያዎች ተራ በተራ ከውስጥ ሲቀረቀሩ ድምፃቸው እየተከተላቸው ወረደ። ከአንድ አጥር ጀርባ የተወረወረ ድንጋይ የመኪናውን በር መታው።

«ሌቦች ስለሆኑ ነው» አለ ይመር። «በድብቅ መስመር ጎትተዋል። እንዳንደርስባቸው ነው የሚጠሉን።»

ትርሲት ከመኪናው ወረደች። በመንገዱ መሃል ያለውን የቫልቭ ክዳን ከፍታ ዘንጉን አሳረፈች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከቧንቧው ጥልቀት፣ የማታውቀው ድምፅ መጣ። አልጮኸም፣ አልተንተከተከም። ይስባል፣ ያርፋል፣ ይስባል፤ ጥጃ የእናቱን ጡት ሲምግ እንደሚሰማው ያለ ነው። ባረፈ ቁጥር ደግሞ ረጅም፣ እርጥብ፣ እፎይታ የመሰለ ነገር ይከተላል። ዘንጉን አንስታ ጫፉን በቀሚሷ ጠረገችው፣ ጆሮዋንም በጣቷ ፈተገችው፣ እንደገናም አሳረፈችው።

ድምፁ ቆመ። እሷ እንደምታዳምጠው ሁሉ እሱም የሚያዳምጣት መሰላት።

«አየር ነው» አለ ይመር፣ ፊቷን አይቶ። «አየር ሲገባበት እንዲህ ይጫወታል።»

በማግስቱ ድምፁን ከቫልቭ ቫልቭ እየተከተለች እስከ ሰፈሩ ግርጌ ወረደች። ውሃ ሲያፈስ መሬቱ ይረጥባል፣ ሣሩ ይለመልማል፤ እንኳን እሷ ማንም ያውቀዋል። እዚህ ግን ተራራው ሁሉ በክረምት ዝናብ ረስርሶ ሳለ ከቧንቧው በላይ ያለው አፈር ተሰነጣጥቆ አመድ መስሏል። ዳር ያለው ግራር ቅርፊቱ ተልጦ፣ አጎንብሶ ደርቋል። ከስንጥቁ የሚወጣው ሽታ የጭቃ አልነበረም፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው አፍ ሽታ ነበር፣ ሙቅና ጎምዛዛ።

«ልጄ፣ ተይው።»

ትርሲት ደንግጣ ዞረች። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት ከኋላዋ ቆመዋል። እትዬ ሀዋ ይባላሉ፤ የመጨረሻው ቤት የእሳቸው ነው። ከጀርባቸው የሰፈሩ ሰዎች በሮቻቸው ላይ ወጥተው ያያሉ። አንዱ ጎልማሳ ዶማ ይዟል፤ ለእርሻ የያዘው አይመስልም።

«እናቴ፣ እዚህ ያለው ውሃ ለእናንተም አይደርስም እኮ። ብንጠግነው የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ ከምንጭ እንቀዳለን። አልለመንናችሁም።»

«እዚህ የሚጠፋው ውሃ ለላይኛው ከተማ ይበቃል።»

እትዬ ሀዋ የተሰነጠቀውን መሬት አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለትርሲት ብለው አልነበረም፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚፈሩ ሆነው ነው። «ቧንቧችሁ ሳይመጣ በፊት እዚህ ሰፈር ልጅ አያድግም ነበር። አሁን ያድጋል። ተይው አልኩሽ።»

ትርሲት የአሮጊት ወሬ ነው ብላ አለፈችው፤ ቢያንስ ለይመር እንደዚያ አለችው።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ቆፈሩ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ቀኑን አመሻሽ አስመስሎታል፤ የዶማው ድምፅ እንኳን ሩቅ ሳይሄድ ይታፈናል። ሰዎቹ እንደ ግንብ ዙሪያቸውን ቆሙ፣ ግን የሚከለክላቸው አልነበረም። ከብዙ ቁፋሮ በኋላ ቧንቧው ተገኘ። ሆዱ ላይ ቀዳዳ አለ። ዝገት የበላው ቀዳዳ ዳሩ ሸካራ ይሆናል፤ ይህኛው ግን በብዙ መሳም እንዳለቀ የቤተ እምነት ደጃፍ ለስልሷል። ትርሲት ካየችው ሁሉ የከበዳት ግን ውሃው ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ውሃ ተፈናጥሮ ፊታቸውን መምታት ነበረበት። እሱ ግን ቀጥ ብሎ፣ አንዲት ጠብታ ሳይረጭ፣ ከቧንቧው ሥር ወዳለው ጥቁር ጉድጓድ ይወርዳል። መሬት ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም።

«ይመር፣ እጅህን አታስገባ። ላይኛውን ቫልቭ ዘግተን እንመለስ።»

«ማሰሪያውን ጣል ማድረግ ነው እኮ፤ ምን አለው?» ብሎ በደረቱ ተኛ። የብረት ማሰሪያውን በቧንቧው ሥር ለማዞር ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ። ፊቱ ለአፍታ ተለወጠ። አልጮኸም። «ሞቅ ይላል» አለ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ መገረም። ከዚያ ብሎኑን ሲያጠብቅ የሚወርደው ውሃ ተቋረጠ። ክንዱን ሲያወጣው ቆዳው ለቀናት ውሃ ውስጥ እንደከረመ ነገር ነጥቶ ተጨማዶ ነበር፤ ግን እርጥብ አልነበረም።

ትርሲት ዘንጉን ቧንቧው ላይ አሳረፈች። መሳቡ ጠፍቷል። ንጹሕ ውሃ በጤናማ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማው፣ የምትወደው ለስላሳ ሹክሹክታ።

ከላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ የደረቀው ቧንቧ ውሃ መስጠት ጀመረ፤ ከዚያ በሌላው። የሰፈሩ ሰዎች ግን ወደ ቧንቧዎቹ አልዞሩም፤ የሚያዩት የይመርን ክንድ ነበር። መጀመሪያ ፊታቸውን የፈቱት እትዬ ሀዋ ናቸው። መጥተው የትርሲትን ጉንጭ ደጋግመው ሳሙ፣ ይመርን በማንቆርቆሪያ አስታጠቡት፣ «አላህ ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ» አሉ። ዶማ ይዞ የነበረው ጎልማሳ መሣሪያቸውን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነላቸው። ከትናንት በስቲያ በር የቀረቀሩባቸው ሴቶች እልል አሉ። እትዬ ሀዋ የመኪናውን መስኮት ይዘው «ቤታችሁ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ላይ፣ ከተማው ውስጥ።»

«ሩቅ ነው። እሰይ» አሉና እጃቸውን ከመስኮቱ አነሱ።

ዳገቱን ሲወጡ ይመር የውሃ ጠርሙሱን ሳይተነፍስ ጨለጠው። ከዚያ የእሷን ተቀበለና ጨረሰ። መንገድ ዳር አቁሞ ለመኪናው ራዲያተር የተያዘውን ጀሪካን ከኋላ አወረደና አፉ ላይ ደፋው።

«ይመር፣ ምን ሆነሃል? ያመሃል?»

«ውሃ ጠማኝ» አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሲስቅ ደም አልወጣውም።

ወደ ቢሮ በሚታጠፈው መንገድ አልታጠፈም። ከተማው ሁሉ የሚጠጣበት ትልቁ ማጠራቀሚያ ወዳለበት ኮረብታ ነዳ፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ትርሲት «ወዴት ነው? አቁም!» እያለች የነጣውን ክንዱን ይዛ ብትጎትትም እንደ ብረት አልበገር አላት፤ ቆዳው መዳፏ ላይ ሞቅ አለ። ማጠራቀሚያው ደጅ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ፣ የብረት በሩን ከፍቶ ገባ።

እስኪወጣ ጠበቀችው፤ አልወጣም። ተከትላው እስከ በሩ ሄደች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ቅዝቃዜውና የክሎሪኑ ሽታ ፊቷን መታት። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ይመርን አየችው። ጠርዙ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን እስከ ጆሮው ውሃ ውስጥ ነክሯል። ይስባል፣ ያርፋል፣ ይስባል። ውሃው ሲጎድል ግድግዳው ላይ የቀረው እርጥብ መስመር እያየችው ይሰፋል። ስሙን ጠራችው። ቀና አላለም፤ ግን አንድ እጁ ከኋላው ተነስቶ፣ ልጅ የሚበላውን እንዳይቀሙት እንደሚከላከል፣ ወደ እሷ አየሩን ገፋ።

ወጥታ በሩን ዘጋችው፣ በሩ ላይ ትቶት የገባውን ቁልፍም አዞረች። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። ለቢሮው ልደውል አለች በልቧ፤ ሰው ይምጣ፣ ፖሊስ ይምጣ። ስልኳ መኪናው ውስጥ ነው። ጥቂት እርምጃ ነው። ጉሙ ኮረብታውን ሸፍኖታል፤ ከታች ከተማው አይታይም፤ የሚሰማት በብረቱ ውስጥ አልፎ የሚመጣው የይመር መሳብና ማረፍ ብቻ ነው። ቢያንስ ተዘግቶበታል፣ አለች፤ ቢያንስ ከዚህ አይወጣም።

ከዚያ ውስጥ ያለው ድምፅ ቆመ።

«ትርሲት» አለ ይመር ከበሩ ማዶ፣ በዚያ በሚሳሳቅበት የዘወትር ድምፁ፣ «አንቺም ጠማሽ እንዴ?»

አልጠማኝም ልትለው አፏን ስትከፍት ነው ጉሙ በቀዝቃዛው በር ላይ የጣለውን ጤዛ ምላሷ እስከደረሰበት ድረስ ሁሉንም ልሳ እንደጨረሰችው ያየችው።