ያልሰጠሁት ቃል

ይህን አንብባችሁ «ውሸት ነው» ብትሉ አልቀየምም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። መዝገብ አለው። ዳኛ የፈረሙበት ብይን አለው።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብም አልነበረም። ማክሰኞ ቀን ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል።

ስሜ ኤፓራማ ነው። ቫኑዋ ሌቩ በምትባለው የፊጂ ደሴት፣ ባሕሩ ጥግ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። የዚያን ዕለት እጄ እስከ ክንዴ በግራሶ ተለውሶ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ወደ መጠገኛ ቤቴ ገቡ።

አንደኛው አሥር አለቃ ቪሊያሜ ነው፤ የአክስቴ ልጅ። በእኛ ዘንድ የአክስትና የአጎት ልጆች ካልተሰዳደቡ ተጣልተዋል ማለት ነው። ስለዚህ እንዳየሁት፣

«አንተ ሆዳም፣ ቁርስ እዚህ የለም» አልኩት።

አልሳቀም።

«ኤፓራማ... በሙንሳሚ ሞት ተጠርጥረህ ተይዘሃል።»

ሙንሳሚ የኮኮናት መጋዘኑ ዘበኛ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ወሬ ይወዳል። እሑድ ጠዋት ሬሳው ከጀልባ ማቆሚያው ሥር ተገኝቶ ነበር።

ቪሊያሜ ከኪሱ ካርድ አውጥቶ አነበበልኝ። ዝም የማለት መብት አለህ። የምትናገረው ይመዘገባል፤ ማስረጃ ሊሆንብህ ይችላል። ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ፤ አቅም ከሌለህ መንግሥት ያቆምልሃል።

ካርዱን አጠፈና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ዝም ማለት አንተ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «ዛሬ ግን ሞክር።»

መፍራት ነበረብኝ። መናደድ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት ማደንዘዣ አለ አይደል... እሱን መላ ሰውነቴን የተወጋሁ ይመስል ነበር።

አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የእስር ክፍሉ ተቆለፈብኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመንግሥት ጠበቃዋ መጣች። አርቲካ ትባላለች። ቀጭን ናት፤ ላብ አጥምቋታል፤ እጇ ሙሉ ፋይል ነው። ፖሊሱ ወጥቶ እስኪርቅ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

«አቶ ኤፓራማ፣ የምነግርህን ስማኝ። ለፖሊስ ቃል አትስጥ። ምንም ነገር ላይ አትፈርም። ሲጠይቁህ ‹ጠበቃዬ በሌለችበት አልናገርም› በል። በቃ።»

«እውነቱን ብናገርስ?»

«እውነቱንም።»

«ዝም ካልኩ ጥፋተኛ አልመስልም?»

«ዝም ስላልክ ማንም ሊፈርድብህ አይችልም። ማስረዳት የእነሱ ሥራ ነው። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርቡሃል፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ። አሁን ለእኔ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እዚያው ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሞተር ስጠግን ሙንሳሚ መጣ። አንድ አንድ ቅል ካቫ፣ ያንን ከሥር የሚጨመቅ የአገራችንን መጠጥ፣ ጠጣን። ጨርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሌላ ነበረ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሄደች። ሌላ ችሎት ነበራት፤ በስምንት ሰዓት እመለሳለሁ አለችኝ። በሩ ተቆለፈ። ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር። ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ።

ማንም አልጠራኝም። ማንም በሩን አልከፈተም። ከንፈሬን እንኳ አላንቀሳቀስኩም።

ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቪሊያሜ ምግብ አመጣልኝ። ካሳቫና በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ነው። በፍርግርጉ ሥር ገፋልኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ቀለለህ አይደል?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምኑ?»

«ደህና አድርገህ ነው የተናገርከው። መርማሪው እንኳ ተገርሟል።»

«ምን ተናገርኩ?»

ወደ ኮሪደሩ ዞር ብሎ አየ።

«እሺ... እሺ። አልሰማሁም። ብላ። ሻዩን ግን ምን ብለህ ነው እንደዚያ ያጣፈጥከው? አራት ማንኪያ!»

እኔ ሻይ አልጠጣም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያውቃል።

ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሄዷል። ሲሄድ ወደ ኋላ አይቶኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሰው የረሳውን ዕቃ እንደሚፈልግ... እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ቦታ ነበር የሚያየው።

በስምንት ሰዓት አርቲካ ተመለሰች። ደም ሥሯ ተገታትሯል።

«ምን ብዬህ ነበር?»

«አልተናገርኩም።»

«አቶ ኤፓራማ፣ አትዋሸኝ።»

«ከዚህ ክፍል አልወጣሁም።»

የፖሊስ ምርመራ ወረቀቶችን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስድሳ አራት ጥያቄ። ስድሳ አራት መልስ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፊርማ አለ።

የእኔ ፊርማ ነው። መጨረሻው ላይ የምትጣመመዋ ጭረት ሳትቀር።

ከዚያ ቪዲዮውን አሳዩን። የምርመራ ክፍሉ ውስጥ መርማሪው አለ፤ ቪሊያሜ አለ። ፊት ለፊታቸው... እኔ።

የእኔ ሸሚዝ። ክንዱ ላይ የእኔ ግራሶ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሰዓት ከአምስት ሰዓት ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ከአሥር ይላል።

ሁለቱ ፖሊሶች በፋይል ያራግባሉ፤ ላብ ይጠርጋሉ። እሱ ግንባሩ ላይ ጠብታ የለም።

ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ሳይጠይቁት ይቀጥላል።

«ስሄድ ሙንሳሚ ጠራኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ‹ኤፓራማ!› አለ። ወሬው ሰልችቶኝ ስለነበር ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።»

አርቲካ ዞር ብላ አየችኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም። ለእግዚአብሔርም በጸሎት አላነሳሁትም።

እሱ ቀጠለ።

«ከዚያ ተመለስኩ። ውኃው ውስጥ ነበር። መሰላሉን ይዟል። ጣቶቹን አላቀቅኳቸው... አንድ በአንድ።»

ይህን አላደረግኩም። አላደረግኩም ብዬ ነው የማውቀው።

ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ቀና ብሎ ካሜራውን አየ። ፈገግ አላለም። ብቻ አየ፤ የሚጠብቀው ሰው የደረሰ ይመስል።

አርቲካ ማሽኑን ራሷ አጠፋችው።  

በማግሥቱ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ክሱ ግድያ ነው። ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተላለፈ፤ የዋስትና ጥያቄያችን ውድቅ ሆነ። ሰባት ወር በማረፊያ ቤት ቆየሁ። ሚስቴ ሜሬዋኒ በየሳምንቱ እየመጣች ታለቅሳለች። እኔ አያታለሁ። እጇን እይዛለሁ። የያዝኩት እንጨት ይሁን እጅ አልለይም ነበር።

አርቲካ ግን አላረፈችም። ዐቃቤ ሕግ የያዘውን ማስረጃ በሙሉ ጠይቃ ወሰደች። ከመካከሉ የእስር ክፍሉ መዝገብ ነበረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ይጻፍበታል።

ጠበቃዋ ስትወጣ ተቆለፈ ይላል። ቀጥሎ የተከፈተው በስምንት ሰዓት ነው። በመሐል ምንም የለም።

የጻፈው ቪሊያሜ ነው።

ከዋናው ክርክር በፊት ዳኛው ያ የእምነት ቃል በማስረጃነት ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለውን ለብቻው ሰሙ። አርቲካ ቪሊያሜን ምስክር አድርጋ አቆመችው።

«አሥር አለቃ፣ ደንበኛዬን ከክፍሉ ማን አወጣው?»

«እኔ ላወጣው ሄጄ ነበር።»

«ነበር?»

«ቁልፉን ይዤ ደረስኩ። አየሁት። ወለሉ ላይ ተጋድሟል።»

«ከዚያስ?»

«መርማሪው ከምርመራ ክፍሉ ጠራኝ። ‹ምን ትሠራለህ? ና ጀምር› አለኝ። ሄድኩ።»

«ሄደህስ?»

ቪሊያሜ ወደ እኔ ዞሮ አየ። 

«ኤፓራማ... ተቀምጧል።»

ዳኛው መጻፋቸውን አቆሙ።

«መርማሪው ያወጣው መስሎህ ነው?» አለች አርቲካ።

«መርማሪው ደግሞ እኔ ያወጣሁት መስሎት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ?» አላት። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ወይዘሪት፣ ምን ብዬ ልናገር?»

ዳኛው ብይናቸውን በሁለተኛው ቀን አነበቡ። ቪዲዮው ላይ ስላለው ሰውዬ አንድ ቃል አልጻፉም። ተከሳሹ ጠበቃ ጠይቆ ሳለ ጠበቃዋ በሌለችበት ቃል ተወሰደ፤ ከእስር ክፍል መውጣቱም አልተመዘገበም፤ በፈቃደኝነት የተሰጠ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ተሰርዟል። ያ ብቻ።

ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። በነፃ ተሰናበትኩ።

ሜሬዋኒ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው።

ደረጃው ላይ አርቲካ ክንዴን ያዘችኝ።

«የሽማግሌውን ሚስት ልታያት እያሰብክ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንደ ጠበቃህ አትሂድ እልሃለሁ። ከዚህ በኋላ ምንም የመናገር ግዴታ የለብህም።»

«አውቃለሁ።»

«እንደ ሰው ከጠየቅከኝ ግን...» አለችና ሳትጨርስ ፋይሏን አቅፋ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር፤ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ወጥቷል። የሙንሳሚ ሚስት፣ እማማ ካምላ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ሲያዩኝ አልተነሡም። አልጮሁም። በእግራቸው በርጩማ ገፉልኝ።

«እማማ... እኔ አልገደልኳቸውም» አልኳቸው። «ግን ጠርተውኝ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ይህን ለመናገር ሰባት ወር ፈጀብኝ። ስናገረው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይሰበራል ብዬ ነበር። ምንም አልተሰበረም።

ሩዛቸውን መልቀማቸውን አላቆሙም።

«ወሬ ያበዛ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ሲጠራኝ ሁልጊዜ አቤት አልልም ነበር፣ ልጄ።»



ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጡና በአገጫቸው ወደ ባሕሩ አመለከቱኝ።

«እሱን ታውቀዋለህ?»

አየሁ። ሴቶች ጭቃው ላይ ጎንበስ ብለው ዛጎል ይለቅማሉ። ከእነሱ ወዲያ፣ ውኃው በሚጀምርበት፣ አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ገብቶ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ቪዲዮው ላይ ያየሁትን ሸሚዝ ለብሷል። ማዕበሉ ሲመታው አይወዛወዝም። ሴቶቹ በአጠገቡ ሲያልፉ እንደ ግንድ ዞረውት ያልፋሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«አንተ ከታሰርክ ጀምሮ። ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ይመጣል።»

«ምን ይፈልጋል?»

«እኔን አትጠይቀኝ።»

ተነሣሁ። ደረጃውን አንድ ወረድኩ። የሰውዬው ትከሻ ሲንቀሳቀስ አየሁ... ከዚያ አንገቱ... ቀስ ብሎ...

ፊቱ ሊታየኝ ሲል እማማ ካምላ ከኋላዬ መጥተው ዓይኖቼን በመዳፋቸው ከደኑብኝ።

«አትይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አትይ፣ ልጄ።»

መዳፋቸው ሩዝ ሩዝ ይሸታል። በጣም ብዙ ቆዩ። ከታች ሴቶቹ ወሬያቸውን ሁሉ በአንዴ ሲያቆሙ ይሰማኛል።