በውርጭ ላይ ያረፈ ትንፋሽ

ማስተዋል የጨረቃን ውርጭ በምታነብበት ሰዓት ማንም እንዲተነፍስባት አትወድም። በጨረቃ ደቡባዊ ጫፍ፣ ፀሐይ ገብታበት በማታውቅ ግዙፍ ጎድጓዳ አፋፍ ላይ በተሠራው ጣቢያ የሚኖሩ ሁሉ ይህን ጠባይዋን ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚያውቀው በረዶ ቆፋሪው ገመቹ ነው። ያን አሮጌ የጠፈር ልብሱን ለብሶ ወደ ጎድጓዳው በወረደ ቁጥር፣ ከትከሻው መጋጠሚያ ትንፋሽ እየሾለከ ውርጩ ላይ ያርፋል።

«ልብስህ ያፈሳል! ሥራዬን እያበላሸህብኝ ነው» አለችው ያን ዕለት ጠዋትም በሬዲዮ።

«ታዲያ ትንፋሼን ውጬ ልቆፍር?» አለና እየሳቀ ወረደ።

ማስተዋል የተቆጣችው ያለምክንያት አልነበረም። «ንዝረት አንባቢ» የሚባለው መሣሪያዋ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ወደ ውርጩ እየላከ፣ ሞለኪውሎቹ እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ያነባል። በዚያ ቅዝቃዜ ብዙዎቹ ሞለኪውሎች የሚያያዙት በልል ትስስር ነው፤ አልተቋጠሩም፣ ተደጋግፈው ነው የተቀመጡት፤ ትንሽ ሙቀት ካገኙ ይላቀቃሉ። ንዝረታቸው ማን ማንን እንደተደገፈ ይናገራል። ማስተዋል በዚህ መንገድ የሰው ልጅ ከመፈጠሩ በፊት የወረደን ውርጭ ታነባለች። የሰው ትንፋሽ ሲያርፍበት ግን ጭቃ እንደተረጨበት ብራና ይሆንባታል።

ምሳ ላይ ሳሉ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የጎድጓዳው ግድግዳ ተንዶ ነበር። የገመቹ ሬዲዮ ዝም አለ።

የጣቢያው አለቃ ጋሽ ደምሰው ወደ ጎድጓዳው መብራት አበሩ፤ አቧራ ብቻ ታየ። ሙቀት ፈላጊውን ካሜራ አዞሩ፤ የጠፈር ልብስ ሙቀት አያስወጣምና እሱም ምንም አላገኘም። ገመቹ የያዘው ኦክስጅን ቢበዛ የሚበቃው እስከ ማታ ነው። ማስተዋል ሮጣ ንዝረት አንባቢዋን ወደ ጎድጓዳው ወለል አነጣጠረች። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ንጹሕ ውርጭ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር።

«ናዳው በልቶታል» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ግድግዳው ገና አልረጋም። ሌላ ሰው ልኬ ሁለት ሬሳ አልቆጥርም።»

«ንጹሕ? እሱ ሲመላለስበት የኖረ መሬት ንጹሕ?» ማስተዋል ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። «ጋሽ ደምሰው፣ መሣሪያው አይቶታል! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማጣሪያው! የሰው ትንፋሽ ሲያይ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ እንዲሰርዘው ያዘዝኩት እኔ ነኝ!»

ማጣሪያውን አነሳችው። ስክሪኑ ባንድ ጊዜ በቀለም ተጥለቀለቀ። ጎድጓዳው ጥግ እስከ ጥግ ትንፋሽ በትንፋሽ ነበር፤ የዓመታት ትንፋሽ።

«ከዚህ ሁሉ የዛሬው የቱ ነው?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ማስተዋል አሰበች። አሁን ያረፈ ትንፋሽ ውርጩን ገና በወጉ አልተደገፈም፤ ልል ነው፣ እንደልቡ ይንቀጠቀጣል። ሲውል ሲያድር ግን ወደ በረዶው ይጠጋል፣ ይደላደላል፣ ንዝረቱም ይቀየራል።

«እጅግ ልል የሆነውን ብቻ አሳየኝ» ብላ መሣሪያውን አዘዘች።

ቀለሙ ሁሉ ከሰመ። አንድ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ክሩ ከናዳው ሥር ይወጣና፣ ጀርባውን ለጣቢያው ሰጥቶ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ይጓዛል። እያዩት ጫፉ ላይ አንዲት ነጥብ ተጨመረች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ።

«እየተነፈሰ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጋሽ ደምሰው፣ እየተነፈሰ ነው!»

ጋሽ ደምሰው የጠፈር ልብሳቸውን አነሱ፤ ማስተዋልም የራሷን ለበሰች። የጣቢያውን ተሽከርካሪ ራሳቸው ነዱ። ማስተዋል አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ዓይኗን ይዛው ከመጣችው ስክሪን ሳትነቅል «ወደ ቀኝ! አሁን ቀጥታ! ድንጋዩን ይዙሩት!» እያለች መራቻቸው። ከላያቸው ጠጠር እየተንከባለለ የተሽከርካሪውን ጣሪያ ይደበድበዋል።

ገመቹን ያገኙት ከናዳው ሸሽቶ በተጠጋበት ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጦ ነው። መብራታቸውን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ። ማስተዋል ደርሳ አቀፈችውና የተበላሸውን ሬዲዮውን በገመድ ከልብሷ ጋር አገናኘች።

«ልብስህ ያፈሳል አላልኩህም!» አለችው፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ከወራት በኋላ የጭነት መንኮራኩር አዳዲስ የጠፈር ልብሶች ይዞ መጣ። ቅንጣት ትንፋሽ አያሾልኩም። ማስተዋል ለዓመታት ስትለምን የኖረችው እነዚህኑ ነበር። ሁሉም ደስታዋን ለማየት ዞር ዞር ብለው አዩአት። እሷ ግን ልብሶቹን ለገመቹ አስረክባ፣ በያንዳንዱ ትከሻ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ማስተንፈሻ እንዲሠራ ለመነችው።

«ጥንታዊው ውርጭሽስ? ዕድሜሽን የፈጀሽበት ሥራ እኮ ነው፤ ይቆሽሻል» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ይቆሽሽ። ምንም የማያፈስ ሰው ሲጠፋ በምን ይገኛል?»

ማጣሪያው ተመልሶ አልበራም። ጥንታዊው ውርጭ ከሰዎቹ ትንፋሽ ሥር ቀስ በቀስ እየተሸፈነ ሄደ። ማስተዋል አሁን የምታነበው ሰው ነው፤ ማን የት እንደደረሰ፣ ማን ደክሞት እንደቆመ። አንዳንዴ ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ረጅም ጊዜ የቆዩበት ቦታ ታገኛለች፤ ትንፋሻቸው አንዱ ባንዱ ላይ አርፏል። ምን እንደተባባሉ ንዝረት አንባቢው አያውቅም። እሷም አትጠይቅም።