በአባቴ ደረት ውስጥ የሰማሁት

ከራማ፣ ተአምር ምናምን ሲባል ሳቄ የሚቀድመኝ ሰው ነበርኩ፣ ነርስ ነኝ፣ ሳንባ አየር ያስገባል፣ አየር ያስወጣል፣ አለቀ፤ ይህንንም የማወራችሁ ካላመናችሁኝ ብዬ አይደለም፣ የአባቴን ነገር ለሰው ሳልናገር መቅረት ስላልሆነልኝ ነው።

አባቴ ሼህ ይመር ይባላሉ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ቦሌ ሚካኤል በርበሬና ቅመም ይሸጡ ነበር፣ አስም ይዞት በርበሬ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ከሱቃቸው እስከ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ቆመው ነው የሚጨርሷት፣ ደረታቸው ሲያፏጭ ከበር ይሰማል። ሐሙስ ከሰዓት የሰፈሩ የወሎ ሰዎች ለዱዓ ቤታችን ሲሰበሰቡ ግን መንዙማውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፣ እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ፣ ስንኙንም እዚያው ነው የሚፈጥሩት፣ ከጉርድ ሾላ ድረስ የሚመጣላቸው ሰው ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አንድ ክረምት በጣም ባሰባቸው። የምሠራበት ክሊኒክ ሐኪም ሳንባቸው ደክሟል ሲለኝ ቤት ገብቼ፣ "አባባ፣ መንዙማው ይብቃዎት፣ ይገድልዎታል" አልኳቸው።

"በሽታውና ድምፁ አብረው ነው የመጡልኝ ልጄ፣ ጤነኛ ሳለሁ አንድ ስንኝ አይወጣኝም ነበር።"

"ይሄማ ወሬ ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሳቁ። "እንግዲያው ሐሙስ ስመራ ያንን መስሚያሽን ጀርባዬ ላይ አድርገሽ አዳምጪኝ። ይቁም ካልሽ አቆማለሁ።" አባቴ ቃላቸውን እንደማያጥፉ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ በኔ እጅ ገባ።

ሐሙስ ደረሰ፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፣ እኔ ስቴቶስኮፔን ይዤ ከአባቴ ጀርባ ተቀመጥኩ፣ ሽማግሌዎቹ ጎሪጥ አዩኝ። መንዙማ ላይ መሪው ግጥሙን ይላል፣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል፣ መሪው ትንፋሹን የሚሰበስበው ያኔ ነው። አባቴ ጀመሩ፣ መጀመሪያ የሰማሁት የማውቀውን ሲር ሲር ነበር፣ ድቤው ሲሞቅ ግን ጠፋ፣ ጨርሶ ጠፋ፣ መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ጆሮዬ ላይ አስተካከልኩት። ሲቀበሉላቸው አየር ያስገባሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ አላስገቡም፣ በሚቀጥለውም አላስገቡም፣ ወላሂ ቆጥሬያለሁ፣ ሰባት ጊዜ ሲቀበሉላቸው አንዴም አልተነፈሱም።

ከዚያ አዝማቹ ከደረታቸው ውስጥ መጣ። እመኑኝ፣ የብዙ ሰው ድምፅ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እነዚያ ቀድመው ይቀበላሉ፣ ከመካከላቸው የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከመጋረጃው ወዲያ ይሆናል ብዬ አንዱን ጆሮዬን ነጻ አወጣሁና አዳመጥኩ፣ ሴቶቹ ጸጥ ብለዋል። ፈራሁ፣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ኩራቱ በለጠብኝ፣ ይሄ እኮ የኔ አባት ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ መጮህ አማረኝ።

ድቤው ቆመ፣ ወዲያው ፉጨቱ ተመለሰ፣ የአባቴ ከንፈር ጠቆረ፣ ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

"እህ... ይቁም?" አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

እንደ ነርስ ምን ማለት እንደነበረብኝ አላጣሁትም። "ይቀጥሉ አባባ" አልኳቸው።

ሁለት ዓመት ሐሙስን ሳያስታጉሉ መርተው ሞቱ፤ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እኮራበታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይከነክነኛል። ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ያዳመጥኳቸው ሐሙስ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ የሆነው ነው፤ የሚነፋውን መድኃኒት አፋቸው ላይ ስይዝላቸው እጄን ጨበጥ አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ዛሬ ጥሩ አድርገሽ ተቀበልሽኝ፣ ለካ ድምፅሽ እንዲህ ያምራል" አሉኝ።

አፌን አልከፈትኩም ነበር። አጠገቤ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፣ ሁሉም አልከፈትሽም ነው ያሉኝ።