ከፓምፑ አጠገብ ያለው ላስቲክ

የዓለም አቀፉ የንግድ ትርኢት ዋና ዳኛ ሞቶ የተገኘው ንጉሠ ነገሥቱ ትርኢቱን ሊከፍቱ ስድስት ሰዓት ሲቀራቸው ነው። ፖሊስ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልገደለ ሰው አሰረ።

መርማሪዋ ስትደርስ የተያዘው ሰው፣ የትርኢቱ አናጺ፣ እጁ በካቴና ታስሮ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ዳኛው በአስተናጋጁ ግዛት የትርኢት ክፍል ውስጥ፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ በጀርባው ተንጋሏል። ከበላዩ «በገዛ ብረታችን፣ በገዛ እጃችን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው የሚያስነሱት አረንጓዴ የውሃ ፓምፕ ቆሟል። በቀረው ቦታ ሸክላ፣ ቆዳና ጨርቅ ተደርድሯል። ወለሉ በአዲስ ቀይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ደግሞ በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል።

መርማሪዋ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በትርኢቱ ምክንያት የሁሉም ፖሊስ ዕረፍት ከተሰረዘ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧታል። ከሬሳው ጎን ለመንበርከክ የሰሌዳውን ምሰሶ መያዝ ነበረባት።

የሥነ ሥርዓት ሹሙ ሰዓቱን እያየ ከኋላዋ ቆመ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ዳኛው ሰሌዳው ተጣሟል እያለ ሦስት ጊዜ አስነቅሎታል። አናጺው ‹አንድ ቀን አንገቱን እሰብረዋለሁ› ሲል ሃያ ሰው ሰምቷል።»

«የተመታው ጭንቅላቱን ነው።»

«አንገት ሆነ ጭንቅላት፣ ያው አንድ ሰው ላይ ነው ያሉት። አምስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ግርማዊነታቸው ሲገቡ ገዳዩ ተይዟል ማለት አለብኝ።»

«ወዴት ነው የሚወስደው?»

«እኔ አልጠየቅሁም። እርስዎም ባይጠይቁ ይሻላል።»

አናጺው ይህን ሰምቶ ቀና አለ።

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመለሰች። የሟቹ የቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ድረስ ተጠቅልሏል፤ የእጅጌው ቁልፍ ወልቆ በጥንቃቄ በሰደርያው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ጣቶቹ በማሽን ግራሶ ጠቁረዋል። የቁስሉ ስፋትና ላስቲኩ ላይ ያለው ደም ግን አልተመጣጠኑም፤ ደሙ በጣም ትንሽ ነው።

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኞቹ አለቃ ናት፤ የአናጺው ታላቅ እህት። መርማሪዋ ባልዲና መወልወያ በተጠጋጋበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ወንበር አልነበረም፤ ሁለቱም በተደፉ ባልዲዎች ላይ ተቀመጡ።

«ወንድምሽ ቁጡ ነው ይላሉ።»

«ቁጡማ ነው። እኔም ቁጡ ነኝ፤ አባታችንም ነበር። ሰው የምንገድል ብንሆን ኖሮ ገና ድሮ እርስ በርስ ተጨራርሰን ነበር።»

«ማታ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ገብቷል።»

«መዶሻውን ረስቶ ነው። ጭንቅላቱን ረስቶት ስለማይሄድ ተመስገን ነው።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «እቴ፣ እሱን ተዪውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ላስቲኩን ማነው የነካካው?»

«የትኛውን ላስቲክ?»

«ከፓምፑ አጠገብ ያለውን ነዋ! ምንጣፉን የሠራተኛ ጫማ እንዳያቆሽሸው በላስቲክ እንሸፍነዋለን፤ በመክፈቻው ቀን ጠዋት ልጠን እንጥለዋለን። ያነጠፍነው እኔና ያ ደንቆሮ ወንድሜ ነን። ከውስጠኛው ግድግዳ እንጀምርና ወደ በሩ እንመጣለን፤ እንዲህ።» አንዱን መዳፏን በሌላው ጫፍ ላይ አሳረፈች። «በበሩ በኩል ያለው ቁራጭ ሁልጊዜ የውስጠኛውን ጫፍ ይረግጠዋል። አሁን ግን የፓምፑ ቁራጭ በሁለቱም በኩል ከላይ ነው። ውስጠኛውንም ረግጧል፣ የበሩንም ረግጧል።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድካሟን ረሳች። «ይህን ለፖሊሶቹ ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ እንጂ። ‹ሰው ሞቶ አንቺ ስለ ላስቲክ ታወሪያለሽ?› አሉኝ።»

«ሬሳውን ባታገኚው ኖሮ ያ ላስቲክ አሁን የት ነበር?»

«ተልጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ቆሻሻ መኪና ላይ።»

ዘበኛው በዋናው በር አጠገብ ባለች የእንጨት ጎጆው ውስጥ እያንቀላፋ ነበር። አናጺው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መዶሻ ይዞ መውጣቱን ተናገረ።

«የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጥተኸዋል?»

«ምን ሲሆን! ቁልፉን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስረክቦኝ ምስማሬ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደረው። ሌላው ቁልፍ ከግዛቱ ክፍል ኃላፊ ወገብ አይወርድም። ለእኔ እንኳ አያውሱኝም።»

«ትርፍ የላስቲክ ጥቅል የት ነው ያለው?»

«ዕቃ ቤት ውስጥ ነው እንጂ ሌላ የት ይሆናል?»

«ኃላፊው ማታ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ሹማምንት በጀርባ በር ነው የሚወጡት። እዚያ የቆሙት የቤተ መንግሥት ጠባቂዎች ናቸው። ከትናንት ጀምሮ የሚወጣውን ሁሉ እስከ ካልሲው ይፈትሻሉ፤ ለፖሊስ ግን የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይመልሱም።»

እውነቱን ነው። መርማሪዋ ሄዳ ጠየቀቻቸው፤ ከአንዱም መልስ አላገኘችም።

በአጎራባቹ ክፍል የአንድ የውጭ ማሽን ፋብሪካ ወኪል በማሽኖቹ መካከል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እዚህ አገር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ቋንቋውን ከአሽሙሩ ጋር ተምሮታል።

«ሟቹ ሁለት ሜዳሊያ ነፍጎኛል» አለ። «ስለዚህ እኔም ተጠርጣሪ ነኝ፣ አይደል?»

«ነዎት።»

«ጥሩ። ቢያንስ በአንዱ ውድድር ገባሁ።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስወጣ። የእጅ ባትሪ ይዞ ፓምፑ ሥር ተንበርክኮ ነበር። ‹የጠፋብዎ ዕቃ አለ?› አልኩት። ‹ይልቅ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ› አለኝ።»

ይህ እውነት ከሆነ አናጺው ከወጣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዳኛው በሕይወት ነበር። ግን የተጠርጣሪ ቃል ነው፤ ሹሙ እንደማይቀበለው መርማሪዋ ታውቃለች።

«ፓምፑን እንዴት አገኙት?»

ወኪሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የብረት ጎኑ እንደዚያ የሆነ ፓምፕ የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ አውቃለሁ፤ ያለው በእኔ አገር ነው። ግን እንግዳ ነኝ። በሰው ቤት ተቀምጬ የቤቱን ዕቃ አልነቅፍም።»

የግዛቱ ክፍል ኃላፊ በቢሮው ውስጥ ነበር። ኮቱ ተቦርሿል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጥግ ላይ የሟቹ ሚስት ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። የኃላፊው እህት ናት።

«ዛሬ እሷን ላጽናና ወይስ ግርማዊነታቸውን ልቀበል?» አለ ኃላፊው። «ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተሰናብቼው ወጣሁ። ‹ሰሌዳውን አቃንቼ እመጣለሁ› ብሎኝ ነበር። ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነበር።»

«ፓምፑን ነክቶት ነበር?»

«በፍጹም። ከግርማዊነታቸው በፊት የማንም እጅ እንዳያርፍበት ታዟል።»

ሚስቲቱ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «ትናንት ጠዋት ከቤት ሲወጣ ስለ ፓምፑ አንተን ማናገር እንዳለበት ነግሮኝ ነበር።»

«ስለ ሜዳሊያው ይሆናል» አለ ወንድሟ ፈጠን ብሎ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ከፓምፑ ፊት ሰበሰበቻቸው፤ ሹሙን፣ ኃላፊውን፣ ሚስቲቱን፣ ወኪሉን፣ ዘበኛውን፣ አናጺውንና እህቱን። እሷ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«አጭር ንግግር ይሁን» አለ ሹሙ።

«እኔም ረጅም የመናገር አቅም የለኝም። በመጀመሪያ፣ ይህ ሰው ከመሰላል አልወደቀም፤ መሰላሉ ሥርም አልተመታም። ይህን ከሚያህል ቁስል የሚወጣ ደም ላስቲኩን ባጥለቀለቀው ነበር። ሌላ ቦታ ሞቶ ነው የመጣው።

«ሁለተኛ፣ እጅጌውን ጠቅልሏል፣ የእጅጌውን ቁልፍ እንዳይጠፋ ኪሱ ከቷል፣ ጣቱ ግራሶ ነክቷል። ሰሌዳ የሚያቃና ሰው ይህን አያደርግም። ሸክላና ጨርቅ ደግሞ ግራሶ የላቸውም። እጁን ፓምፑ ውስጥ ከቶ ነበር። ወኪሉም ፓምፑ ሥር ተንበርክኮ አይተውታል።

«ሦስተኛ፣ ማኖቬላው።» ፓምፑ በእጅ የሚነሳበትን የብረት ዘንግ አነሳች። «የሚገባበት ቀዳዳ በዘይት ተዝፍቋል፤ ዘንጉ ግን ከምግብ ማንኪያ ይበልጥ ንጹሕ ነው። ማነው ያጠበው? ለምንስ ታጠበ?»

«ዳኛው የተመታው በዚህ ነው» አለችና ዘንጉን መልሳ አስቀመጠች።

«አራተኛው ላስቲኩ ነው። ዳኛው እዚህ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ጋ ሲመታ ደሙ ላስቲኩ ላይ ፈሰሰ። ገዳዩ ያንን ቁራጭ ነቅሎ ሬሳውን ጎተተበት፤ መሰላሉ ሥር ሲደርስ አንሸራቶ አወረደው። እዚህ ባዶ ቀይ ምንጣፍ ቀረ። ጠዋት ሴቶቹ ሲገቡ እንዳያዩት ከጥቅሉ አዲስ ቁራጭ ቆርጦ አነጠፈ፤ ግን ከላይ አነጠፈው፣ በሁለቱም በኩል። ይህን ላስቲክ በእጃቸው ያነጠፉት አናጺውና እህቱ ናቸው። አናጺው ይህን ስህተት አይሠራም።»

«ሆን ብሎ ቢያደርገውስ?» አለ ሹሙ።

«ጥቅሉ የተቆለፈበት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የአናጺው ቁልፍ በዘበኛው ምስማር ላይ አድሯል። ወኪሉ ደግሞ ጭራሽ ቁልፍ የላቸውም። አንድ ቁልፍ ይቀራል።»

ሁሉም ወደ ኃላፊው ወገብ አዩ። እሱም ሳያስበው እጁን ቁልፉ ላይ ጣል አደረገ።

«ግምት ነው» አለ። «ያ ደም አለበት የምትይው ላስቲክ የታለ?»

«የሚወጣ ሁሉ እየተፈተሸ ነው፤ ስለዚህ አልወጣም። ዛሬ ማንም እንዳይከፍተው የታዘዘ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ወኪል፣ መፍቻ ይኖርዎታል?»

«ከግርማዊነታቸው በፊት ፓምፑን ማንም አይነካም!» ኃላፊው መንገዱን ዘጋ። «ሹም፣ ትእዛዙ የእርስዎ ነው!»

ሹሙ አመነታ። መርማሪዋ ዓይኗን እያሻሸች፣ «እንደ ፈቀዱ» አለችው። «ግን ግርማዊነታቸው በጋዜጠኞች ፊት ሲያስነሱት ፓምፑ ላስቲክ እያኘከ ቢተፋስ?»

«ክፈቱት» አለ ሹሙ።

ወኪሉ አራቱን ብሎን ፈታ። ክዳኑ ሲነሳ የተጣጠፈ፣ በደረቀ ደም የተጣበቀ ላስቲክ ወጣ። ከኋላው በብረቱ ግድግዳ ላይ፣ ቀለም ያልደረሰበት ጥልቅ ቦታ፣ አብሮ የተቀረጸ የፋብሪካ ስም ነበር። የወኪሉ አገር ፋብሪካ ስም ነው።

«ቀለም ቀብታችሁታል፣ የፋብሪካውን የስም ሰሌዳ ነቅላችሁለታል» አለ ወኪሉ። «ይኼኛው ግን በመፍቻ አይነቀልም።»

ኃላፊው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ዓመት ሙሉ የራሳችንን ለመሥራት ሞክረናል» አለ። «አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አልስብ አለ። የትርኢቱ ቀን ደረሰ፤ የራሳችን ፓምፕ አለን ብለን ለቤተ መንግሥት ጽፈናል። ምን እናድርግ? ገዝተን ቀባነው። እሱ አገኘው። ‹እስከ ነገ ጠዋት አንሳው፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ፤ እንደ ተማሪ እያየኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ባትሪውን መልሶ አበራ።»

ሚስቲቱ አላለቀሰችም። «ላንተ ሲል እኮ ነው እስከ ጠዋት የታገሠው» አለችው። «ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይጮህበት ነበር። ለእማዬ አንተው ጻፍላት። እኔ አንድ ቃል አልነግራትም።»

ኃላፊውን በጀርባ በር ወሰዱት። ሹሙ ላቡን ጠረገ፤ ወዲያው ማሰብ ጀመረ።

«ፓምፑ ተበላሽቷል እንላለን። ግርማዊነታቸው ሸክላውን ይመርቃሉ። ስለ ሌላው ዛሬ ማንም ትንፍሽ አይልም።»

«ካቴናው» አለች መርማሪዋ።

«ከምርቃቱ በኋላ...»

«አሁን። ያለዚያ ሪፖርቴን በር ላይ ለጋዜጠኞቹ አነብላቸዋለሁ። እግሬ ስላበጠ ወንበር ታመጡልኛላችሁ።»

ሹሙ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠ። ካቴናው ሲወልቅ ከውጭ አናጺውን ሊወስድ የመጣው መኪና ሞተሩን አጠፋ። እህቱ የወንድሟን አንጓ ይዛ የቀላውን ቦታ አየች፤ ከዚያ ትከሻውን በቡጢ መታችው።

«በል ወንድሜ፣ እግዜር አወጣህ» አለ ሹሙ እጁን እያጨበጨበ። «አሁን የቀረውን ላስቲክ ቶሎ ልጣችሁ ጨርሱልን። አንድ ሰዓት ነው የቀረን።»

አናጺው ምንጣፉን አየ፣ ሹሙን አየ። ሁሉም እሱ ሲጮህ ለመስማት ተዘጋጀ።

«ደክሞኛል» አለ ዝግ ብሎ።

እህቱን አስቀድሞ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።