የተገለበጠው ረድፍ

«አርጎንን አቀብዪኝ፤ ቀስ ብለሽ! ቀለሙ በደንብ አልደረቀም።»

እጀ ወርቁ የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ከጋዜጣና ከሙጫ የሠራቸውን ኳሶች ሰሌዳው ላይ በሽቦ እየሰቀለ ነው። እያንዳንዷ ኳስ አንድ አቶም ናት። በሦስተኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ሶዲየም ሎሚ አክላ ተንጠልጥላለች፤ ከእሷ ወደ ቀኝ ኳሶቹ እየተለቁ ሄደው አርጎን ብርቱካን ታክላለች። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ለጉብኝት ይመጣሉ፤ አባቱም ይመጣል። «እጀ ወርቁ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በቅርቡ ነው። በየክፍለ ጊዜው «አንተ፣ ዝም በል!» የምትለው የኬሚስትሪ መምህርት ኳሶቹን ካርቶን ውስጥ አይታ በተማሪ ሁሉ ፊት «አቤት እጅ! ወርቅ ነው» አለችው።

አብራው የምትሠራው ልጅ ግን ከድሮም ለምኔ ነች፤ «ለምን?» ከአፏ አይጠፋም። ደወል ተደውሎ እንኳ መምህርቷ «ለምኔ፣ የቀረውን ነገ» እያለች ነው ከክፍል የምትወጣው።

የለምኔ ድርሻ የየአቶሙን ራዲየስ፣ ማለትም ከመሀሉ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት፣ በትንንሽ ወረቀት ጽፎ ከኳሱ ሥር መለጠፍ ነበር። መጽሐፉን ገለጠች። ሶዲየም 186 ፒኮሜትር፣ ክሎሪን 99።

ዓይኗን አሸች። የኅትመት ስሕተት ይሆናል ብላ ከላይ ያለውን ረድፍ አየች። ሊቲየም 152፣ ፍሎሪን 71። እዚያም ወደ ቀኝ ሲኬድ ያንሳል። የሚያድገው ወደ ታች ሲወረድ ብቻ ነው።

«ስማ፣ መጠኑን ከመጽሐፉ አይተህ ነው አይደል የሠራኸው?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!» አለ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ።

ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ ታውቃለች። እያከከ ነበር።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? አቶም የሚለካ ወላጅ የለም። ብትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመሰገነበትን ሥራ ልታፈርስበት ነው። ሰሌዳው ግን ከጉብኝቱ በኋላም እዚሁ ይቀራል፤ የሚቀጥሉት ተማሪዎች እሱን እያዩ ይማራሉ። ደግሞ ጥያቄው አላስቀምጣት አለ። ኤሌክትሮኑ እየጨመረ አቶሙ የሚያንሰው ለምንድን ነው?

ማንበቧን ቀጠለች። ከዚያ የስፖርት ልብሷን የያዘችበትን ቦርሳ አንስታ የአፉን መቋጠሪያ ገመድ ሳበችው። አፉ ጠበበ። ጠበቅ አድርጋ ሳበችው፤ የባሰውን ጠበበ። በጣም ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ ዝም ማለት ደግሞ አታውቅበትም።

«ውረድማ፣ አንድ ነገር ላሳይህ። የቦርሳው አፍ የውጪዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው እንበል። መሀል ያለው ኒውክለስ ይስባቸዋል። ወደ ቀኝ በሄድክ ቁጥር ፕሮቶን ይጨምራል፣ ጉተታው ይበረታል። አዲሱም ኤሌክትሮን እዚያው ዙሪያ ላይ ነው የሚገባው፤ ሌላ ዙሪያ አይጨምርም። ስለዚህ...» ገመዱን ሳበችው።

እጀ ወርቁ ወርዶ ቦርሳውን አየ፤ ሰሌዳውን አየ። ፊቱ ቀላ።

«ቁጥሩ ካደገ አቶሙም ያድጋል ብዬ... መጽሐፉን አላየሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «አባዬ ሊመጣ ነው። በናትሽ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በይ።»

ለምኔን አሳዘናት። እስክሪብቶዋን ግን ከደነችው።

«ከዚች ትንሿ ሥር 186 ብዬ አልጽፍም። ኳሶችህ እኮ ምንም አልሆኑም፤ የተገለበጠው ቦታቸው ነው።»

እጀ ወርቁ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ የአርጎንን ሽቦ ፈትቶ ብርቱካን የምታክለውን ኳስ አቀበላት።

«ተቀበዪኝ። ሶዲየም ናት።»

በሩ ሲከፈት ሰሌዳው ግማሹ ባዶ ነበር። መምህርቷ ገባች፤ ከኋላዋ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ረጅም ሰው ቆሟል።

«ምነው፣ እስካሁን አልጨረሳችሁም?»

«ተሳስተን ነበር» አለች ለምኔ ቶሎ ብላ።

እጀ ወርቁ «ተሳስተን» ያለችውን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት።

«እሷ አይደለችም ቲቸር። እኔ ነኝ» አለ። ከጠረጴዛው ወርዶ ቦርሳውን አነሳና የገመዱን ጫፍ ለአባቱ ሰጠው።

«አባዬ፣ እስቲ ሳበው። ቀስ ብለህ።»