ለጀማሪ የሚሆን አውሮፕላን

በዚያ ቤት ዕቃ ገዝቶ የገባ ሰው፣ በሩን ገና ሳይዘጋ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለማን ነው?»

ጠያቂዋ ታላቅ እህት ናት። በክፋት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ካላገኘችለት እንቅልፍ አይወስዳትም። ታዲያ በምን አጋጣሚ እንደሆነ እንጃ፣ ታናሽየዋ የገዛችው ሁሉ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሰማያዊው ሻርፕ «ለእማዬ ያምርባታል» ተባለና የእማዬ ሆነ። ጃንጥላው የእህትየው ሆነ። የእጅ ሰዓቱ ዛሬ የወንድሟ ሚስት እጅ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ያምርባታል።

ታናሽየዋን የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አሥራ ሦስቱን ዓመት ያሳለፈችው በአባቷ ሶፋ ቤት፣ የሰው ሶፋ ጨርቅ ስታለብስ ነው። ደንበኛ ቢጮህባት አፉን ታስዘጋዋለች፤ ነጋዴ ሊያታልላት ቢሞክር ወዮለት። ይህቺው ጀግና ግን «ለእኔ ነው» የሚሉትን ሁለት ቃላት ማውጣት አቅቷት ኖራለች።

አንድ እሁድ ጠዋት በኳስ ሜዳው ስታልፍ፣ አንድ ሰው በሪሞት የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን ሲያበርር አየች። ሰውየው መሬት ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰማይ ነው። መርፌ ዕድሜዋን አቀርቅራ የሰፋች ሴት ናት። ቀና ማለት አማራት። ምኞቷ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምሳ ሰዓቷን አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ጨረሰችው። ሱቁ ከሶፋ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ በፀጉር ቤትና በሰዓት አዳሽ መካከል ነው። መስኮቱ ላይ አንድ ቀይ አውሮፕላን በክር ተንጠልጥሏል፤ አፍንጫው ሹል፣ ክንፉ ቀጭን፣ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ይመስላል። በአራተኛው ሳምንት ምራቋን ዋጠችና ገባች።

ባለሱቁን ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። ካፒቴን ግን አንድ ቀን እንኳ እውነተኛ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ይህንንም ለጠየቀው ሁሉ ሳያፍር ይናገራል። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው የያዘውን ዕቃ አስቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

«ያንን ቀዩን ፈልጌ ነበር» አለችው።

«ለማን ነው?»

ክው አለች። ይሄ ጥያቄ ከቤት ተከትሏት የመጣ መሰላት። ልቧ «ለእኔ» አለ፤ አፏ ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

«ለ… ለእጮኛዬ።»

እጮኛ የላትም። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ውሸቱ ግን ከአፏ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ መመለስ አይቻልም።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ካፒቴን በጨዋ ደንብ። «ከዚህ በፊት አብርረው ያውቃሉ?»

«አያውቅም። የመጀመሪያው ነው።»

«እንግዲያው ቀዩን አልሸጥልዎትም።»

«ምን ማለት ነው? መስኮት ላይ የሰቀሉት ለጌጥ ነው?»

«አዎ፣ ለጌጥ ነው። ሰው ወደ ውስጥ የሚያስገባልኝ እሱ ነው። ይዘው መውጣት ያለብዎት ግን ይሄኛውን ነው።»

ከመደርደሪያ ያወረደው ነጭ፣ ሆዳም፣ ረጅም ክንፍ ጀርባው ላይ የተጋደመበት ነገር ነበር። መርፌ አየችው፤ ካፒቴንን አየችው፤ እንደገና አየችው።

«ይሄ ዳክዬ ይበራል?»

«ይበራል። ይወድቃል። ወድቆም ይነሳል» ሳቀ። «ከፎም ስለተሠራ ቢሰበር ይጣበቃል። ሞተሩ ቀስ ያለ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ክንፉ ደግሞ ከላይ ነው፤ ሆዱ ከሥሩ እንደ ባልዲ ይንጠለጠላል። ሰው ግራ ሲገባው መሪውን ከለቀቀው ራሱን በራሱ ያቃናል። ቀዩ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ጀማሪ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚያዝ አያውቅም።»

ካፒቴን ዳክዬውን አስቀመጠና «እጮኛዎ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው? ዕቃ ስመርጥ ሰውየውን ማወቅ እወዳለሁ» አላት።

«ቶሎ ይናደዳል። ምክር አይሰማም» አለች፤ የምታውቀውን ብቸኛ ጀማሪ እየገለጸች። «ያለውን ሁሉ ለሰው ይሰጣል።»

«ደግ ሰው ናቸው ማለት ነው።»

«ደግ አይደለም። ፈሪ ነው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። ካፒቴን ቀና ብሎ አያት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ እሷ ቀድማ ዓይኗን ሰበረችና ቦርሳዋን መፈለግ ጀመረች። ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነበር።

የገዛችውን ዳክዬ ቤት ይዛው አልገባችም። ሶፋ ቤቱ ውስጥ፣ ባለቤቱ ረስቶት በከረመ አንድ ትልቅ ሶፋ ሆድ ውስጥ ደበቀችው። በነጋታው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ኳስ ሜዳው ላይ ነበረች።

ዳክዬው ተነሳ። እውነት ተነሳ! መርፌ ብቻዋን ሜዳ መሃል ቆማ «ወይኔ፣ ወይኔ» አለች። ወዲያ ሲሄድ ደህና ነበር። ፊቱን አዙሮ ወደ እሷ ሲመጣ ግን ወደ ግራ ስትለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስትለው ወደ ግራ አለ፤ ከዚያ የጎሉ ብረት ላይ ክንፉን ለሁለት ከፈለው።

ሶፋ ሠሪ ለማጣበቅ አይጨነቅም። ማስቲሿን አወጣች፣ ሁለቱንም ጎን ቀባች፣ ገጠመች። ስፖንጅ ላይ በአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያላሳፈራት ማስቲሽ ግን የአውሮፕላኑን ፎም እንደ ስኳር አቀለጠው። ዓይኗ እያየ ክንፉ ጎድጉዶ ጎድጉዶ የተበላ አይብ መሰለ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ክንፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ሱቁ ሄደች።

«እጮኛዬ ሰበረው» አለች።

ካፒቴን የቀለጠውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያረፉትን የመርፌን እጆች አየ፤ ትኩር ብሎ አያቸው። ቀስ ብሎ ክንፉን አስቀመጠ።

«እጮኛዎ ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ቢሮ ነው የሚሠራው።»

«ቢሮ» አለ ካፒቴን። ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

«ምን ያስቃል? ቢሮ መሥራት ነውር ነው?» መርፌ ተቆጣች። ለሌለ ሰው መቆጣት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

«ነውር የለበትም» አለ። አዲስ ክንፍና ፎም የማይበላ ማጣበቂያ አወጣላት። ስለ ግራና ቀኙ ስትጠይቀው ደግሞ በእጁ መዳፍ አውሮፕላን ሠርቶ ወደ ፊቷ አመጣላት። «ወደ ሰው ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ግራው ቀኝ ይሆናል። አያስቡ። የትኛው ክንፍ ዝቅ እንዳለ ብቻ ይዩና መሪውን ወደዚያው ይግፉ፤ የሚወድቅ ሰው እንደሚደግፉ።»

መዳፉ ከፊቷ ትንሽ ርቀት ላይ ቆመ። ሁለቱም ወዲያው አላነሱም፤ እሱ እጁን፣ እሷም ዓይኗን።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የጥያቄ ቀን ሆነ። «እጮኛዬ ባትሪው ቶሎ አለቀበት።» «እጮኛዬ ነፋስ ባለበት ቀን ላብርር ወይ ይላል።» ካፒቴን ሁሉንም በትዕግሥት ይመልሳል። ሁልጊዜ የምትቀመጥበትን በርጩማ ጨርቁ ተቀዶ ብታየው መርፌ ምሳዋን ትታ አለበሰችው። እሱም ሳትጠይቀው የሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ተወ።

መርፌ ወደደችው። ዙሪያ ጥምጥም የለውም፤ ወደደችው። ረቡዕ ማታ ፀጉሯን ስትታጠብ፣ አርብ ደግሞ ያለ ምክንያት ስትከፋ ራሷን ታዘበች። እሱ ግን «እርስዎ» ከማለት አልፎ አያውቅም፤ የሰው እጮኛ ናትና። በመካከላቸው የቆመውን ግድግዳ በገዛ አፏ የገነባችው እሷ ናት። ላፍርሰው ብትል ውሸታም ልትባል ነው፤ ልተወው ብትል ደግሞ በሌለ ሰው ምክንያት ያለውን ልታጣ ነው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ካፒቴን ራሱ ቁርጡን አመጣው።

«እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ እሆናለሁ» አላት። «ጀማሪውን ይዘውልኝ ይምጡ። ሲያበርሩ ልያቸው።»

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። ቅዳሜ፣ ተስፋ ብትቆርጥ፣ ሶፋ ቤቱ ውስጥ የሶፋ ሽቦ ሞላ የሚያስሩትን ሽማግሌ ጠጋ አለቻቸው። ጋሼ ከአባቷ ጋር ያረጁ፣ እሷን ከሕፃንነቷ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጉዳዩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«እና ጋሼ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ እጮኛዬ ቢሆኑልኝስ?»

ጋሼ ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «እኔን ካየማ ያለቅስልሻል እንጂ አያምንሽም!» ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰውየው መጥፎ ነው?»

«የለም። ደግ ነው።»

«ታዲያ ደግ ሰው እውነት ብትነግሪው ምን ያደርግሻል?»

ወደ ስፌቷ ተመልሳ አቀረቀረች።

እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ ጤዛ ነበር። ካፒቴን ብቻውን ቆሟል። መርፌ ዳክዬውን አቅፋ ደረሰች። ከኋላዋ ማንም የለም።

«ጀማሪውስ?» አላት።

ውሸቶቹ ሁሉ ተሰልፈው መጡ፤ ታሟል፣ ሥራ በዝቶበታል፣ አገር ጥሎ ሄዷል። የመጨረሻው ደስ ይል ነበር። አንዱንም አላነሳችም። ዳክዬውን ይበልጥ አቀፈችው።

«እጮኛ የለኝም» አለች። «ኖሮኝም አያውቅም። አውሮፕላኑ ለእኔ ነው።»

ተናገረችው። ሰማዩ አልተደፋም። ካፒቴንም አልተገረመም።

«አውቃለሁ» አላት።

«ምን?»

«ክንፉን ማስቲሽ ከበላው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የቢሮ ሰው ማስቲሽ ከየት ያመጣል? ደግሞ የአንቺ እጅ ያን ቀን ያው ሽታ ነበረው።»

የመርፌ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ማፈር ይሁን መናደድ መለየት አቃታት። «ሁለት ወር ሙሉ እያወቅክ ስታሞኘኝ ነበር?»

«አላሞኘሁሽም!» ለመጀመሪያ ጊዜ መረጋጋቱ ጠፋ። «ፈርቼ ነው። ማወቄን ብነግርሽ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጪ አልመሰለኝም። ጥያቄ ይዘሽ የምትመጪው ለእሱ ነበራ። እሱ ከሌለ በምን ምክንያት ትመጫለሽ?»

መርፌ አየችው። ያ ቀዩን አልሸጥም ብሎ ድርቅ ያለ ሰው ጫማውን እያየ ነው። ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት።

«በል አስነሳልኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ቁጣው አልቆበት ነበር።

ካፒቴን ዳክዬውን በእጁ ወረወረላት። ከጎሉ በላይ ወጣ፣ ከዛፎቹ በላይ ወጣ። ዞሮ ወደ እነሱ መምጣት ሲጀምር አንድ ነፋስ መታውና አንዱ ክንፉ ዝቅ አለ። መርፌ ግራ ቀኙ ጠፋባት። መሪውን ወዲያ ወዲህ አለችው፤ ባሰበት።

«ያዝልኝ! ያዝልኝ ይወድቃል!»

ካፒቴን እጁን ኪሱ ከተተ። «አልይዝም። ያንቺ ነው። ከፍታ አለሽ፣ ዝም ብለሽ ጣትሽን ልቀቂ።»

ለቀቀች። ለቅጽበት ዳክዬው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ከዚያ ሆዱ ከሥሩ ሆነ፣ ክንፉ ተስተካከለ፣ ከራሳቸው በላይ በዝግታ አለፈ። መርፌ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ተከተለችው። ፊቷ በሙሉ ወደ ሰማይ ነበር፤ ካፒቴን ግን አውሮፕላኑን አላየም።

«ሐሙስ ያለ ምንም ጥያቄ ብትመጪስ?» አላት።

«ጥያቄ አላጣም» አለች ዓይኗን ሳታወርድ። «ብመጣ ግን የምመጣው ለአንተ ነው።»

ከአራት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ካፒቴን ሶፋ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ብብቱ ሥር ያንን ከመስኮቱ የወረደ ቀይ አውሮፕላን ይዟል። ጋሼ ሞላ ማሰር ትተው ለማዳመጥ ተመቻቹ። ታላቅ እህት የሶፋ ቤቱን ሒሳብ ከምትይዝበት ጠረጴዛ ተነስታ አውሮፕላኑን ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣ ሰውየውን ከጫማ እስከ ፀጉር ለካች።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?» አለች።

መርፌ ከንፈሯ መካከል የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ ስፖንጁ ላይ ሰካች። ከዚያ ቀና አለች።

«ለእኔ ነው» አለች። «ሁለቱም።»