አርባ አንደኛው ደቂቃ

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በስቱዲዮው የኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የመድኃኒት መጋዘኑ የጥበቃ ኃላፊ ሻለቃ፣ ካሜራማኑ ቀዩ፣ እና ኤዲተሩ።

ኤዲተሩ ሥራውን ያውቃል። ስምንት ወር ሠርቶበታል። የመጋዘኑን ሰዎች እንዲሰልል ወደዚህ የላኩት ሰዎች ግን ኤዲተር አይሉትም። «ጠጠር» ነው የሚሉት።

ሻለቃው አንድ ካሴት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቅዳሜ ዕለት የአዲሱ መጋዘን ምረቃ እንዳበቃ ከቀዩ እጅ ተቀብሎት እስከ ዛሬ ከራሱ አልለየውም።

«ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው። እኔም እያየሁ።»

«እሺ ሻለቃ። ግን ጊዜ ይወስዳል።»

«ምን ያህል?»

«ካሴቱ አንድ ሰዓት ከሆነ አንድ ሰዓት። እየተጫወተ ነው የሚገባው።»

«ማፍጠን አይቻልም?»

«ሻለቃ፣ ይኼ እኮ የድሮው ካሜራ አይደለም» አለ ቀዩ። «ቢያጣድፉት ሥዕሉ ይበጣጠሳል። የዝንብ ክንፍ የሚቆጥር ካሜራ ነው። አገጭዎ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች።»

«አገጬን ተወው።»

ቀዩ ሳቀ። ጠጠርም ለመሳቅ ሞከረ። አፉ ደርቆ ከንፈሩ ጥርሱ ላይ ተጣበቀ።

ካሴቱን ካሜራው ውስጥ ከመክተቱ በፊት ጀርባውን በጥፍሩ ዳሰሰው። ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት የምትቆልፈው ትንሽ ምላስ ክፍት ናት። ቀዩ መቼም ቆልፏት አያውቅም። ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘና አዝራሩን ተጫነ።

የመጋዘኑ በር በስክሪኑ ላይ ወጣ። ሪባን። ወንበሮች። ከታች ቆጣሪው መሄድ ጀመረ።

በአርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ እሱ ራሱ አለ።

ቅዳሜ የካሜራውን እግር ተሸክሞ ከቀዩ ጋር ሄዶ ነበር። ሰው ሁሉ ንግግር ሲያዳምጥ ከውኃው ታንከር አጠገብ ቆመ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ወደ እሱ መጣች። የእሷ የምስጢር ስም «መርፌ» ነው። የፕሮግራም ወረቀት ሰጠችው። በእጥፋቱ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበር፤ የትኛው ሣጥን መድኃኒት፣ የትኛው ጥይት እንደያዘ የሚናገር ዝርዝር። አሥራ ሁለት ሰከንድ ፈጀ።

ቀና ሲል የካሜራውን ቀይ መብራት አየ። ቀዩ ከሩቅ አነጣጥሮባቸው ነበር።

«ለእሷ ስል እኮ ነው ሥዕሉን ያቀረብኩት!» አለው ቀዩ ሲመለሱ። «ስንት ወር አፌን ይዤ የማያትን ልጅ ባገኛት፣ አንተ ከየት መጥተህ ተደነቀርክ? ሥዕሌን አበላሸህብኝ!» በማስታወሻ ደብተሩም ላይ «41 — ታንከሩ ጋ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ጠጠር እሑድ ጠዋት ከመንገድ ስልክ ለአለቃው ደወለ። አለቃው «አጎቴ» ነው የሚባለው።

«ታንከሩ ጋ ተቀርጸናል።»

«አትደናገጥ። እሷን ዛሬ ማታ አወጣታለሁ። አንተ ቦታህን እንዳትለቅ። ወረቀቱን ሰኞ ማታ ታመጣልኛለህ።»

ጠጠር በዚህ ራሱን አጽናና። ምን እንደሚፈልግ ለማያውቅ ሰው አሥራ ሁለቱ ሰከንድ ምንም አይደሉም። አንዲት ሴት ለአንድ ሰው የፕሮግራም ወረቀት ሰጠች። በቃ። እሷም እስካሁን ርቃ ሄዳለች።

ቆጣሪው አሥራ ስምንት ሲል በሩ ተንኳኳ።

መርፌ ገባች።

ጠጠር እጁን ከጠረጴዛው ላይ አወረደ።

«ግቢ» አለ ሻለቃው። «እንግዶቹን የምታውቃቸው እሷ ናት። ከሥዕሉ በታች የሚወጣውን ስም ትጽፍልሃለች።»

ከጠጠር አጠገብ ተቀመጠች። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። ቀዩ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ፀጉሩን በመዳፉ አሸ።

«ዓይንሽ ቀልቷል እህቴ። እንቅልፍ የለም እንዴ?»

«ማታ እንግዳ ይመጣል ተብዬ ቁጭ ብዬ አደርኩ።»

«መጣ?»

«አልመጣም።»

ያየችው ቀዩን ነው። የነገረችው ግን ጠጠርን ነበር።

ሃያ አራት። ሃያ አምስት። በስክሪኑ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ንግግር ያነባል። ጠጠር ምክንያት ፈለገ። አጎቴ ታሞ ይሆናል። መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል።

«ታንከሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አለ ሻለቃው።

የመርፌ እስክሪብቶ ቆመ።

«የቱ ታንከር ሻለቃ?» አለ ጠጠር። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«የውኃው ነዋ። ግቢው ውስጥ ስንት ታንከር አለ? ዛሬ በጠዋት አንድ ሰው ደወለልኝ። ስሙን አልነገረኝም። ታንከሩ ጋ የቆሙትን ልብ ብለህ እያቸው አለኝ።»

ጠጠር ስለ ታንከሩ የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

አጎቴ ሸጧቸዋል።

ታች በሩ ላይ የሻለቃው ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ሲገባ አይቷቸዋል። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። የቀሩት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ናቸው። ገመዱን ቢነቅለው ሻለቃው ወደ ኋላ መልሰህ አሳየኝ ይላል። ካሴቱን ቢሰብረው ራሱን በገዛ አፉ መክሰስ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሁለቱም ከዚህ ክፍል በእግራቸው አይወጡም።

ሠላሳ አራት። ሠላሳ አምስት።

ካሜራማኖች የሚሠሩት አንድ ስህተት አለ። የቀረጹትን ለማየት ካሴቱን ወደ ኋላ ይመልሱታል። ከዚያ ወደ መጨረሻው ማድረሱን ይረሱና ሌላ ይቀርጹበታል። የታችኛው ይጠፋል። በዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ሳይጣላበት ያለፈ ወር የለም።

መሳቢያውን ከፈተ። ጫፉ የተቆረጠ የማይክራፎን ሽቦ አወጣ። ይህ ሽቦ ሲሰካበት ካሜራው ጆሮው ይደፈናል፤ የክፍሉ ድምፅ አይገባም።

አርባ።

አርባ ከሃያ ሰከንድ።

በጉልበቱ ገመዱን መታው።

ሥዕሉ ደርቆ ቀረ።

«ምን ሆነ?» ሻለቃው ከወንበሩ ተነሣ።

«ገመዱ ነው ሻለቃ። አሁን አስተካክለዋለሁ። ሁለት ደቂቃ።»

ካሴቱን አቁሞ ካሜራውን ወደ ደረቱ ሳበው። ሽቦውን ሰካ። የሌንሱን ክዳን ደፋበት። ቁልፉን ከማጫወቻ ወደ መቅረጫ አዞረው። በግራ እጁ የገመዱን ጫፍ አንሥቶ አቧራ እንደሚያራግፍ ሁሉ እፍ አለበት። በቀኙ የመቅረጫውን አዝራር ተጫነ።

ካሴቱ መዞር ጀመረ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። እስከ ዘጠና መቁጠር አለበት።

ከፊት ያለው ቀይ መብራት በራ። አውራ ጣቱን ጫነበት። ብርሃኑ በሥጋው ውስጥ አልፎ ጥፍሩን አቀላው። ሻለቃው ከጎን ስለቆመ አይታየውም።

ቀዩ ግን ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው።

ቀዩ ጥፍሩን አየ። ከዚያ ክዳኑን አየ። ከዚያ የጠጠርን ፊት። ለስድስት ዓመት ካሜራ የተሸከመ ሰው ነው፤ ምን እየተሠራ እንደሆነ ሊነግሩት አያስፈልግም። አፉን ከፈተ።

ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት።

«ሻለቃ» አለ ቀዩ።

ሠላሳ አራት።

«ያ ንግግር ያደረጉት ሰውዬ ግን ቀበቷቸውን ረስተው ነው የመጡት መሰለኝ። አንድ እጅ ወረቀት፣ አንድ እጅ ሱሪ! እኔ ከወገብ በላይ ብቻ ስቀርጽ ክንዴ ዛለ።»

«አለቃዬ ናቸው» አለ ሻለቃው። ነገር ግን ወደ ቀዩ ዞሮ ነበር፤ ከንፈሩም ሊስቅ ፈለገ።

«ይቅርታ፤ ባለቤታቸው ግን አይተዋል። ልንገርዎት?»

ነገረው። ረጅም ወሬ ነበር። ጠጠር አንዱንም ቃል አልሰማም።

ሰማንያ ስምንት። ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና።

አቆመ። ቁልፉን መለሰ። ካሴቱን ዘጠና ሰከንድ ወደ ኋላ መለሰው። ሽቦውን ነቀለ። ገመዱን ሰካ።

«ተስተካክሏል ሻለቃ።»

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ጥቁሩ ቀጠለ። ቆጣሪው አርባ አንድን አልፎ ሲሄድ ሻለቃው ቆሞ ይመለከታል። ከዚያ ሥዕሉ ድንገት ተመለሰ፤ እንግዶች ወደ መኪናቸው ሲሄዱ።

«ታንከሩስ?»

ሻለቃው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«ታንከሩስ አልኩ!»

ጠጠር መናገር አለበት። የሚናገረውንም ያውቃል፤ ዘጠናውን ሲቆጥር አዘጋጅቶታል።

«ተቀርጾበታል ሻለቃ። ካሴቱን መልሶ አይቶ፣ ወደ ቦታው ሳያደርሰው ቀርጾበታል። ካሜራማኖች የሚሠሩት ስህተት ነው።»

የቀዩ ፈገግታ ጠፋ። ጠጠርን አየው። ከዚያ መርፌን አያት። መርፌ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች።

«እውነቱን ነው» አለ ቀዩ። «የኔ ጥፋት ነው።»

«ለምን መለስከው?»

«እሷን ላያት።» በአገጩ ወደ መርፌ ጠቆመ። «ታንከሩ ጋ ቆማ ነበር። ደህና ወጥታ እንደሆነ ላይ ብዬ መለስኩት። ከዚያ ክዳኑን ደፍቼ ሄድኩ። መቅረጹን አላጠፋሁትም።»

«አብሯት የቆመው ማን ነው?»

«ማንም። ብቻዋን ነበረች።»

ሻለቃው ወደ ካሜራው ጎንበስ አለ። ከዚያ ካሴቱን ከካሜራው አስወጥቶ ወደ ደረት ኪሱ መለሰው።

«የደወለልኝ ሰው ብቻዋን አላለም። ተነሥ። እየሄድን ታወራኛለህ።» ወደ መርፌ ዞረ። «አንቺ ስሞቹን ጨርሰሽ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮዬ እንዳገኝሽ። ከእሱ በኋላ ያንቺ ተራ ነው።»

ጠጠር ‹ቆይ› ማለት ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ወረቀቱም ካልሲው ውስጥ ነበር፤ አጠገቡም መርፌ ነበረች።

ዝም አለ።

ቀዩ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ቀለሙን አደራ። ፊቷ ላይ ቢጫ አታብዛ።»

የእግራቸው ኮቴ በደረጃው ወረደ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መኪና ተነሣ። ጠጠር በመስኮቱ አየ። ሁለቱ ሰዎች ቀዩን መሐል አስቀምጠውታል። በሩ ላይ የቀረ ሰው የለም።

«እንሂድ» አላት።

«እሱስ?»

«ተነሽ። በጓሮ በኩል ነው።»

«እሱስ ነው የምልህ!»

ክንዷን ይዞ አስነሣት። በጓሮው ደረጃ ሲወርዱ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ አፏን በመዳፏ አጥብቃ ዘግታ።

በአራት ሰዓት ተኩል ጠጠር ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠውን የስልክ ቁጥር ደወለ። ያነሣችው ሴት ስሙን አልጠየቀችም።

«አጎቴ በሽተኛ ነው» አለ፤ በምስጢር ቋንቋቸው ከድቷል ማለት ነው። «ወረቀቱን ለእሱ አልሰጥም።»

«የት ነህ?»

ነገራት። ሰማያዊ መኪና መጥቶ ሁለቱን ወሰዳቸው። መንገድ ላይ መርፌን ወደ ሌላ መኪና አዛወሯት፤ እናቷን ልታመጣ። አልተሰነባበቱም።

መጋዘኑ ረቡዕ ጠዋት ተፈተሸ። ሣጥኖቹ በዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ቦታ ተገኙ። አጎቴ በዚያው ቀን ከቤቱ ተያዘ። ቀዩን ከመጋዘኑ ጀርባ ካለች ክፍል አወጡት፤ በሕይወት ነበር፤ የቀኝ ዓይኑ ግን ከዚያ በኋላ አላየም። በሚቀጥለው ወር ጠጠር በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ በአንድ የጫማ መደብር ውስጥ ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ።